ትልቅ ጎማ ካስገባችሁ በኋላ መሪው የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው? ለአምስተኛ ጊዜ ባላንስ ከማስደረጋችሁ በፊት

ጎማው ያምራል። መኪናዋ ከፍ ብላለች። ሰፈር ውስጥ ስትነዷት ምንም የላትም። ከዚያ ቱሉ ዲምቱን አልፋችሁ የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ትገባላችሁ። 85 ላይ መሪው እጃችሁ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። 95 ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጣችሁት ስልክ እየተንሸራተተ ይመጣል። 110 ላይ ደግሞ ደህና ይሆናል። ግራ ይገባችኋል።

እኔም ደርሶብኛል። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ከፋብሪካ የመጣችው በ265/65/17 ጎማ ነበር። እኔ 285/70/17 ከአዲስ ቸርኬ (ጎማው የሚገባበት የብረት ክብ) ጋር ገዛሁላት። አራት ጊዜ ባላንስ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን እኩል ማድረግ) አስደረግኩ፤ አራቱንም ጊዜ ማሽኑ ዜሮ አለ። በመጨረሻ ጎሚስታው ልጅ ሰለቸውና «ጋሼ፣ እኛ ጋ ዜሮ ነው። ችግሩ መኪናው ላይ ነው» አለኝ። ያኔ ተናደድኩ። ልጁ ግን ልክ ነበር። ማሽኑ ላይ ዜሮ መሆንና መኪናው ላይ ዜሮ መሆን ለየቅል ነው። ይህን እስክረዳ ድረስ ያወጣሁት ብር አንድ ጥሩ የጎማ ቁልፍ ይገዛ ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። ርካሹንና ቤት የሚሠራውን አስቀድሜያለሁ፤ ገንዘብ የሚያስወጣው ኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ፦ ትልቁ ጎማ ምን እንደቀየረ እንይ

265/65/17 ጎማ ከላይ እስከ ታች ሲለካ 776 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 285/70/17 ደግሞ 831 አካባቢ። 7 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ቁመቱ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ክብደቱም ይጨምራል። የዚህ ልክ ጎማ ከነቸርኬው 38 ኪሎ ቢመዝን አይገርምም።

አሁን አንድ ስሌት። ቸርኬው ጠርዝ ላይ 60 ግራም ያህል ክብደት ቢጎድል፣ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎማው በሰከንድ 9 ጊዜ ተኩል ገደማ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ያቺ 60 ግራም 5 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ትጎትታለች። በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከተማ ውስጥ የማይሰማችሁ ለዚህ ነው። 110 ላይ የሚጠፋው ደግሞ ጉድለቱ ስለተስተካከለ አይደለም። ምቱ የመኪናው የፊት አካል በተፈጥሮው ከሚወዛወዝበት ፍጥነት ጋር ሲገጥም ይጎላል፣ ሲያልፈው ይደበዝዛል። ኩሽኔታውን (ጎማው የሚዞርበትን ቤሪንግ) እና የመሪውን ዘንጎች መቀጥቀጡን ግን አያቆምም።

ሁለተኛ ነገር። ከባዱ ጎማ ድሮ የነበረውን ያጋልጣል። በትንሹ ጎማ ትንሽ የላሸቀ የመሪ ዘንግ ዓመት ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ይቆይ ነበር። አሁን አይችልም።

ደረጃ 1፦ ነድታችሁ ጻፉት

ከመፍታታችሁ በፊት ንዱት። ለስላሳ አስፋልት ይሁን። ጉድጓድ ያለበት መንገድ ላይ ምንም አትለዩም። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ይጻፍላችሁ፤ እየነዳችሁ ስልክ አትንኩ።

ከ80 እስከ 100 መሪው ላይ የሚሰማ ከሆነ የፊት ጎማዎችን ጠርጥሩ። መቀመጫችሁ ስር የሚሰማ ከሆነ ወደ ኋላ ሂዱ። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከመጣ ጎማውን ተዉት፤ የፍሬን ዲስኩን አሳዩ። ነዳጅ ስትሰጡ መጥቶ ስትለቁ የሚጠፋ ከሆነ፣ በተለይ መኪናውን በሞላ (በስፕሪንግ) ከፍ አድርጋችሁ ከሆነ፣ ትራንስሚሽኑን (ከስር የሚዞረውን ረጅም ዘንግ) እና መጋጠሚያውን ክሮቸራ ነው ማየት። በ20 እና በ30 ፍጥነት መሪው ግራ ቀኝ የሚወዘወዝ ከሆነ ደግሞ ቁሙ። ወዲያው ወርዳችሁ ዳዶ (የጎማ ማሰሪያ) የላላ እንዳለ፣ ጎማው ያበጠበት ቦታ እንዳለ እዩ። ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም።

ጠዋት ብቻ ተንቀጥቅጦ ከ10 እና 15 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚተውስ? መኪናው ብዙ ሲቆም ጎማው ከስር ጠፍጥፎ ነው። ሲሞቅ ይመለሳል። ለእሱ ብር አታውጡ።

ደረጃ 2፦ ጭቃና ንፋስ

አትሳቁ። ክረምት ላይ ከአስር «ቫይብሬሽን» ስንቱ ጭቃ እንደሆነ ጎሚስታ ጠይቁ። ጭቃው የሚጣበቀው ከቸርኬው በስተጀርባ ነው፤ ከውጭ አይታይም። መኪና አጣቢው ፊቱን አንጸባርቆ ይሰጣችኋል፤ ጀርባው ላይ ግን አንድ እፍኝ ጥቁር አፈር እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ይቀራል። ለመንቀጥቀጥ 60 ግራም ይበቃል ብለናል፤ እፍኙ ስንት እንደሚመዝን እናንተ ገምቱ። ጎማውን ፍቱና በእንጨት ፈቅፍቁት። ጥርሶቹ መሃል የተሰነቀረ ጠጠርም አውጡ።

ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር ለድሮው ጎማ ነው፤ መነሻ እንጂ መድረሻ አይሆንም። ለአዲሱ የሚስማማውን ለማግኘት ጠመኔ ውሰዱ። ጎማው መሬት በሚነካበት ፊቱ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ወፈር ያለ መስመር አስምሩ። ሜዳ አስፋልት ላይ 50 ሜትር ያህል ቀጥ ብላችሁ ንዱ። መሃሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል። ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። ወጥ ሆኖ ከደበዘዘ ያዙት።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ 35 ፒኤስአይ ሞልታችሁ ጅቡቲ ወደብ ብትወርዱ፣ ሙቀቱን ብንተወው ጌጁ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ቀንሶ ያነባል። ጎማው ተንፍሶ አይደለም፤ ከውጭ ያለው አየር ስለከበደ ነው። ቆላ ስትወርዱ እንደገና ለኩ።

ሌላ ነገር፦ ጎማው ውስጥ ፀረ-ቀዳዳ ፈሳሽ ጨምራችሁ ከሆነ ባላንስ አይያዝላችሁም። መኪናው ሲቆም ፈሳሹ ከታች ይጠራቀማል። አስጠርጉት።

ደረጃ 3፦ ዳዶና ሞዞ (እኔን የበላኝ ይሄ ነው)

እዚህ ጋ ቀስ እንበል።

የባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን የሚይዘው በመሃል ቀዳዳው በኩል በኮን ነው። ኮኑ ሲጠብቅ ቸርኬው ልክ መሃል ላይ ይቀመጣል። መኪናችሁስ? የፋብሪካ ቸርኬ መሃል ቀዳዳው ሞዞው (መኪናው ላይ ቸርኬው የሚታሰርበት አካል) ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። የሃይሉክስ ሞዞ 106 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከገበያ የሚገዛ ቸርኬ ግን ለብዙ መኪና እንዲሆን ተብሎ ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። 110 ከሆነ ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ክፍተት አለ። ያኔ ቸርኬውን መሃል ላይ የሚያስቀምጡት ዳዶዎቹ ብቻ ናቸው።

ዳዶው ደግሞ ዓይነት አለው። ብዙ የቶዮታ ፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬዎች የሚታሰሩት ቀጥ ያለ አንገትና ጠፍጣፋ ሮንዴላ ባለው ዳዶ ነው። ከገበያ የሚገዙት ግን አብዛኞቹ አፉ እንደ ኮን የሾለ ዳዶ ይፈልጋሉ። ጠፍጣፋውን ዳዶ የኮን ቀዳዳ ላይ ብታስሩት ይጠብቃል። ጠብቋልም ትላላችሁ። ግን ቸርኬውን ወደ መሃል አይስበውም። ቸርኬው ዳዶው ሲጠብቅ በነበረበት ቦታ ይቀራል፤ 1 ሚሊሜትር ወደ ታች ሊሆን ይችላል።

አንድ ሚሊሜትር ምን አላት? 38 ኪሎ የሚመዝን ጎማ 1 ሚሊሜትር ከመሃል ከወጣ፣ ቸርኬው ጠርዝ ላይ 175 ግራም የባላንስ እርሳስ (ለማመጣጠን የሚለጠፈው ክብደት) እንደመለጠፍ ነው። ማሽኑ ይህን በፍጹም አያየውም። አራት ጊዜ ዜሮ ያለው ውሸቱን አይደለም።

የእኔ ይኸው ነበር። አንዱን ዳዶ ፈትቼ መዳፌ ላይ ሳገላብጠው ሮንዴላው ጠርዝ ላይ ብቻ የሚያብለጨልጭ ቀለበት ነበረበት። መሃሉ ምንም አልነካም። ቸርኬው ቀዳዳ ውስጥም ያው ቀለበት ታትሞ ነበር። የሸጠኝ ሰው አዲስ ዳዶ ሳይሰጠኝ በአሮጌው አስሮ ሸኝቶኛል። እኔም አልጠየቅኩም። ሱማሌ ተራ ሄጄ ባለ ኮን ዳዶ ለአራቱም ጎማ ገዛሁ። ችግሩ ሦስት አራተኛው በዚያው ቀን ጠፋ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ። ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጉ። በክሪክ አንሱና ጠንካራ መደገፊያ አስገቡ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ እጃችሁንም ሆነ ራሳችሁን ስር አታስገቡ።

ጎማውን ፍቱ። የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ከዝገት አጽዱ። የቸርኬውን ጀርባም እንዲሁ። አዲስ ቸርኬ ላይ የተንጠባጠበ ቀለም ካለ ፋቁት። በሁለቱ መሃል የምትቀር አንዲት የዝገት ቅርፊት ጎማውን ዘመም ታደርገዋለች፤ ጎማው በትልቀቱ ያቺን ዘመምታ ጫፉ ላይ ያበዛታል።

ዳዶውንና ቀዳዳውን አስተያዩ። ኮን ለኮን፣ ጠፍጣፋ ለጠፍጣፋ። የመሃል ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ልኩን የሚሞላ ቀለበት ይሸጣል፤ ግዙ። ስፔሰር የሚባለውን ጎማ ወደ ውጭ የሚያወጣ ንጣፍ ግን እኔ አልመክርም። ሁለት ጊዜ መሃል የመሳት ዕድል ይጨምራል፤ ኩሽኔታውም ላይ ሸክም ነው።

ስታስሩ ጎማው አየር ላይ እያለ ዳዶዎቹን በእጅ እስከ መጨረሻ አስገቡ። ከዚያ ጎማውን እያዞራችሁ በተቃራኒ በተቃራኒ በትንሹ አጥብቁ። ጎረቤት ለጎረቤት አትሂዱ። አውርዱና መሬት ላይ ጨርሱ። የአየር ሽጉጥ ይዞ ትርርር የሚያደርገውን ልጅ በትሕትና አስቁሙት። ሃይሉክስን በመሰለ ባለ 12 ሚሊሜትር ቡሎን መኪና ላይ የሚፈለገው ከ100 ኒውተን ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ። ሽጉጡ ግን ስንት እንደሰጠ ማንም አያውቅም።

ደረጃ 4፦ የቱ ጎማ ነው?

አሁንም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አምጡ። ጎማው ላይ የመዞሪያ ቀስት ካለ በዚያው ጎን ብቻ አቀያይሩ። ንዱ። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ መቀመጫው ከሄደ ጥፋተኛው ከሁለቱ አንዱ ነው። ስኮርት ጎማችሁም ያው ልክ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ አንድ በአንድ እየተካችሁ ሞክሩ። ምንም ካልተቀየረ ደግሞ ጎማዎቹን ተዉና ወደ ደረጃ 6 ዝለሉ።

ደረጃ 5፦ ክብ ነው ወይ? ከዚያ ባላንስ

የተጠረጠረውን ጎማ ፊት ላይ አስራችሁ አንሱት። አንድ ብሎኬት አጠገቡ አኑሩና የመጻፊያ እርሳስ ወይም ካቻቪቴ ላዩ ላይ አጋድሙ። ጫፉ ጎማውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አቁሙት። ጎማውን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። በጫፉና በጎማው መሃል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ይጠባል? ልዩነቱ ከ1.5 ሚሊሜትር ካለፈ ጎማው ክብ አይደለም። ያንኑ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ድገሙት፤ እዚያ ከ1 ሚሊሜትር በላይ አልወድም። ቸርኬው ደህና ሆኖ ጎማው ከዘለለ ጎማው ነው። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ከዘለሉ ቸርኬው ተጣሟል።

ክብ ያልሆነን ጎማ የባላንስ እርሳስ ክብ አያደርገውም። ክብደቱ እኩል የሆነ እንቁላል ቢንከባለልም ያው ይዘላል።

ጎማው ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ጎን ላይ ቀጭን መስመር ዙሪያውን ታገኛላችሁ። ከቸርኬው ጠርዝ ያላት ርቀት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከተደበቀች ጎማው በደንብ አልተቀመጠም። ጎሚስታው ንፋሱን ያውጣ፣ ጠርዙን በሳሙና ውሃ ያርስ፣ እንደገና ይንፋ። ለማስቀመጥ ብሎ ከ40 ፒኤስአይ እንዳያሳልፍ፤ እናንተም አጠገቡ አትቁሙ።

ተቀምጦም ትንሽ ከዘለለ ጎማውን ቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙሮ እንዲያስገባው ጠይቁ። የጎማው ከፍታና የቸርኬው ከፍታ አንድ ቦታ ተገናኝተው ከሆነ ይለያያሉ። አዲስ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ ካለ ቀላሉ ጎን ነው፤ በቫልቮላው በኩል ይሁን። ይህ አምስት ደቂቃ ነው፤ ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አያደርገውም።

ጎማ ተራ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ኋላ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል። ተደራርቦ ዓመታት የተኛ ጎማ ቅርፁን ስቶ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ባላንስ። ድሮ የተለጠፈው እርሳስ በሙሉ ይነሳ። በሁለቱም ጎን፣ በውስጥም በውጭም ይሠራ፤ ሰፊ ጎማ በአንድ ጎን እርሳስ ብቻ አይረጋም። ኮኑ ከቸርኬው ጀርባ ይግባ። ዜሮ ሲል አትሂዱ። ጎማው ይፈታ፣ ማሽኑ ላይ ግማሽ ዙር ተዛውሮ ይታሰር፣ እንደገና ይዙር። አሁን 30 እና 40 ግራም ካሳየ መጀመሪያውንም መሃል ላይ አልታሰረም ነበር። አንድ ጎማ ከ200 ግራም በላይ ከጠየቀ እኔ ወደ ሻጩ እመልሰዋለሁ። ይሄ የራሴ ገደብ ነው።

ደረጃ 6፦ የላሸቀ ነገር

ጎማውን አንሱ። ሁለት እጃችሁን ሰዓት ላይ 9 እና 3 ባሉበት ቦታ ያዙና አወዛውዙ። ቋ ካለ ታይሮድ የሚባለው የመሪ ዘንግ ጫፍ ላሽቋል። 12 እና 6 ላይ ያዙና ድገሙት። እዚያ ቋ ካለ ኩሽኔታው ወይም ቦልጆይንቱ (የጎማው መያዣ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ) ነው። ረዳት ፍሬን ይርገጥና አወዛውዙ፤ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦልጆይንቱ። ከዚያ መኪናው ጎማው ላይ ቆሞ እያለ አንድ ሰው መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ ያድርግ። እናንተ ዘንጎቹን አንድ በአንድ እያያችሁ፣ በጣት እየነካችሁ። አንዱ ጫፍ ሲንቀሳቀስ ሌላው የሚዘገይ ከሆነ አገኛችሁት።

ላንድክሩዘር 76፣ 78 ወይም 79 ያላችሁ ግን ለብቻ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የፊት አክስላችሁ አንድ ወጥ ነው። አንዱ ጎማ ሲመታ ሌላውን ይዞት ይሄዳል። ጉድጓድ ነክታችሁ በ60 እና 70 መሪው ከእጃችሁ ሊያመልጥ እስኪል ከተወራጨ፣ ይህ የባላንስ ነገር ብቻ አይደለም። አክስሉን ከሻንሲው ጋር አግድም የሚያይዘው ዘንግ ላስቲክ ጎሚኒው፣ ጎማው ግራ ቀኝ የሚታጠፍበት የኪንግ ፒን ኩሽኔታው፣ ታይሮዱ ይታዩ። ሲደርስባችሁ መሪውን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ነዳጅ ልቀቁ፣ ፍሬን በድንገት አትርገጡ፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ይተዋል። «የመሪ ሾክ አብዞርበር እንቀይርልህ» የሚል ካለ መጀመሪያ የላሸቀውን ያሳያችሁ። እሱ ምልክቱን ይደብቃል፤ ችግሩ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

ደረጃ 7፦ አላይመንት

አላይመንት የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝማሜ ማስተካከል ነው፤ መጨረሻ ነው የሚመጣው። በላሸቀ ዘንግ ላይ አላይመንት ማሠራት ብር መበተን ነው። መኪናውን ከፍ ካደረጋችሁት የመሪው ምሰሶ ወደ ኋላ ያለው ዝማሜ ይቀንሳል። ካስተር ይሉታል። ብስክሌት እጅ ለቃችሁ እንድትነዱ የሚያግዘው የፊት ሹካው ዝማሜ ዓይነት ማለት ነው። ሲቀንስ መሪው ራሱን አይመልስም፤ መንሳፈፍ ይጀምራል። አላይመንት የሚሠራላችሁን ሰው የካስተሩን ቁጥር በፊትና በኋላ አሳየኝ በሉት። ጎማውን ቀጥ አድርጌዋለሁ ብሎ ብቻ ከሸኛችሁ ግማሹን ነው የሠራው።

ወደ ፈጣን መንገዱ ተመለሱ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጎማው 7 በመቶ ስላደገ የፍጥነት ጌጁ 100 ሲል እናንተ 107 አካባቢ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እኔ ጌጁ 93 ላይ ትንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ከ80 እስከዚያች ፕላስተር ድረስ ቀስ እያላችሁ ውጡ። መሪው ጸጥ ካለ አዳማ ደርሳችሁ ማኪያቶ ጠጡና የጎማ ቁልፉን አውጡ፤ ዳዶዎቹን አንድ ዙር ፈትሹ። አዲስ ቸርኬ በመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሊላላ ይችላል። የእኔ ሁለቱ ሩብ ዙር ጠብቀዋል።